ለአክስታችን የጻፍኩት ወረቀት

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን እንዴት አደረገህ? ባለፈው ስንደዋወል ጎንበስ ማለት አቃተኝ ብለኸኝ ነበር። የእንጨት ሠራተኛ ጎንበስ ማለት ካቃተው ምን ሊውጠው ነው እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም ከቤት ቤት እየዞርኩ የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ፤ ከሰፈሩ ሰው ይልቅ የሰፈሩ ውሻ ያውቀኛል። ቤታችንም ደህና ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ እሱም አንተ ጠገንኩት ባልክበት በኩል።

ይህን ያህሉን በስልክም ልነግርህ እችል ነበር። ዛሬ ግን በስልክ የማይሆን ነገር ስላለኝ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። በስልክ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ እሺ እሺ ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ፤ ከተወለድኩ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

የትንሹ ወንድማችን ሠርግ አራት ሳምንት ቀረው። በእናታችን ቦታ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ እንዲቀመጡለት ለምኗቸዋል። አንተ ደግሞ ያቺ ሴትዮ ባለችበት ዝር አልልም ብለኸዋል። ፌንጣው (ሃያ አራት ዓመት ሞልቶትም ይኸው ስሙ አልለቀቀውም) ስልኩን እንደዘጋ እኔ ጋ መጥቶ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሠርጉን ልተወው ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። አባት የሆነኝ ወንድሜ በሌለበት ምን ብዬ እቆማለሁ፣ እትዬንስ ምን ብዬ ይቅሩ እላቸዋለሁ አለ። ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አፌ ላይ ነበር።

ሰሞኑን ያ ዓመት ትዝ እያለኝ እንቅልፍ ነስቶኛል። አባታችን በሞተ በስምንተኛው ወር እናታችን ስትከተለው፣ ዘመዶች ሳሎናችን ውስጥ ተሰብስበው እንዴት እንደሚከፋፈሉን ሲመክሩ፣ አንተ ገና አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር። እኔ አሥራ አራት፣ ፌንጣው ዘጠኝ። ብድግ ብለህ የትም አንሄድም፣ ሦስታችንም እዚሁ ነን አልካቸው። ድምፅህ ገና እየጎረነነ ስለነበር መሃል ላይ ሲጢጥ አለ። አጎታችን ሳቀ። አክስታችን ግን አልሳቀችም። እስቲ አንድ ዓመት እንያቸው፣ ካልቻሉ ያኔ እንወስዳቸዋለን አለች። በዚሁ ተስማምተው ተነሱ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የጦር ሰፈር ሆነ። አንተ ትምህርትህን አቋርጠህ እንጨት ቤት ገባህ፤ ማታ ማታ ሙጫ ሙጫ እየሸተትክ፣ ቅንድብህ ላይ ሰጋቱራ ይዘህ ትመጣለህ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፍተሻ ነው። ግቢ ውስጥ ታሰልፈንና ጥፍር፣ ጆሮ፣ አንገት፣ የካልሲ ቀዳዳ ሳይቀር ታያለህ። ሻለቃ የሚል ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ካላወቅህ እወቀው። በአባታችን መቀስ ጸጉራችንን ስትቆርጥ ጭንቅላታችን ላይ ደረጃ ትሠራ ነበር። ፌንጣውን ክፍል ውስጥ ይሄ ደረጃ ስንተኛ ፎቅ ድረስ ነው የሚያወጣው እያሉ አስለቀሱት። ሱሪያችንን ደግሞ ከፊት ከፊቱ ብቻ ነበር የምትተኩሰው። ከኋላውስ ብዬ ስጠይቅህ፣ ሰው የሚያየን ስንመጣ ነው እንጂ ስንሄድማ ማን ዞሮ ያየናል ብለህ ድርቅ አልክ።

የወላጆች ስብሰባስ ትዝ ይልሃል? የአባታችንን ኮት ለብሰህ፣ እጅጌው ጣቶችህን ውጦ፣ ከአምስት ወር በፊት ራስህ ጥለኸው የወጣኸው ትምህርት ቤት ገባህ። ያውም አንተንም ያስተማረህ የሒሳብ አስተማሪ ፊት ተቀምጠህ፣ ድምፅህን አወፍረህ፣ የልጁ ጠባይ እንዴት ነው አልከው። እኔ በመስኮት እያየሁ በሳቅ ልፈርስ ምንም አልቀረኝም። አስተማሪው ግን ፈገግ እንኳ አላለም። ወንበርህን አስተካክሎልህ፣ አንቱ እያለ፣ ስለ ጠባዬም ስለ ውጤቴም አንድ ባንድ አስረዳህ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ አላወቀኝም አይደል ብለህ ጠየቅኸኝ። ከየት አውቆህ አልኩህ። ደስ ብሎህ ኮቱን ቤት እስክንደርስ አላወለቅከውም።

ያን ዓመት ዛሬ ሳስበው እወደዋለሁ። ያኔ ግን አልወደድኩትም፣ እውነቱን ልንገርህ። ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ እኔ ድስት እፈትግ ነበር። የጓደኞቼ እናቶች ልጆቻቸውን ና ግባ ብለው ሲጠሩ እሰማለሁ፤ እኔን የሚጠራኝ ሻለቃ ነው። ደክሞኝ ነበር። አንተንም እንደደከመህ ማየት ነበረብኝ፣ ግን አላየሁም።

በአሥረኛው ወር ፌንጣው ታመመ። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ምድጃ ነደደ። ክሊኒክ ብንወስደው ወላጅ የት አለ ይሉናል፣ ወሬው ዘመድ ጆሮ ይገባል፣ ነገ ይሻለዋል ብለህ ፊትህ አመድ መስሎ ሥራ ሄድክ። አንተ እንደወጣህ በእኛና በእትዬ ግቢ መሃል ባለችው ትንሽ በር ሮጬ እትዬን ጠራኋቸው። የስፌት መኪናቸው ላይ የነበረውን ቀሚስ ጥለው መጡ። ልጄ ነው ብለው ክሊኒክ ወሰዱት፣ መድኃኒቱን በእጃቸው አጠጡት። ማታ ስትመጣ ትኩሳቱ በርዶለት ነበር።

የዚያኑ ዕለት የአክስታችንን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጠየቅኳቸው። አክስታችን ልብስ የምታሰፋው እሳቸው ጋ ስለነበር ያውቁታል። ሰላምታ ልልክላት ነው አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ቁጥሩን ልብስ በሚለኩበት ወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፈው ከአንድ ፖስታ ጋር ሰጡኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አክስታችን መጣች። ከሥራ ስትመለስ የፌንጣው አልጋ ባዶውን ተነጥፎ ጠበቀህ። በማግስቱ ልትመልሰው ሄደህ ብቻህን ተመለስክ። ከማን እንደሰማች አልነገረችኝም፣ ግን መታመሙን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ አልክ። መዶሻና ሳንቃ አምጥተህ ወደ እትዬ ግቢ የሚያስገባውን ትንሹን በር በሚስማር ጠረቀምከው። ሳንቃውን የያዝኩልህ እኔ ነኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ለአክስታችን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። እትዬ ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ስለ ሕመሙ ብቻ ጽፌ ቢሆን ለፌንጣው ፈርቼ ነው እል ነበር፣ አንተም ይቅር ትለኝ ነበር። ግን ያን ወረቀት ስጽፍ ሁለታችንንም እንድትወስደን ነው የለመንኳት። እዚህ ቤት መኖር መሮኛል፣ ታላቅ ወንድሜ ያስጨንቀኛል ብዬ ነው የጻፍኩላት። እሷ ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር ቦታ የነበራት፣ ስለዚህ ትንሹን ወሰደች። እኔ የቀረሁት የሚወስደኝ አጥቼ ነው። አንተ ግን ለሰው ሁሉ፣ ለአሠሪህ ሳይቀር፣ ይሄኛው ወንድሜ አልተለየኝም እያልክ ስታወራ፣ እኔ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

በሩን በዘጋህ በሦስተኛው ቀን ልነግርህ ቆርጬ ነበር። እትዬ መንገድ ላይ አግኝተው ያዙኝ። ለማንም እንዳትናገር አሉኝ። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ቢጠላኝ ዞሬ እሄዳለሁ፤ አንተን ከጠላህ ግን ሁለታችሁም ወዴት ትገባላችሁ አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የምልህ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። አሁን ደግሞ የሠርጉ ዕለት እግሬን ያመኛል ብለው ሊቀሩ ነው፣ አንተ እንድትመጣ። የፌንጣውን ሱፍ ግን ሰፍተው ጨርሰዋል። ለቁልፎቹ ማስገቢያ አይናቸው እንቢ ስላላቸው ክሩን ያስገባሁላቸው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት አክስታችን ጋ ሄጄ፣ ያን ወረቀት ስጪኝ፣ ለወንድሜ ልላክለትና በገዛ ጽሑፌ ይመነኝ አልኳት። እኔ ጋ የለም አለችኝ። ወንድምህ ትንሹን ልመልስ ብሎ የመጣ ዕለት፣ ከማን ሰማሽ ብሎ አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ቆሞ አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ አለችኝ።

ያን ዕለት ስትመለስ በር ላይ ቆሜ ነበር የጠበቅኩህ። ምን አለችህ ብዬ ስጠይቅህ አላየኸኝም። ጫማህን እያወለቅህ፣ ምሳ በልተሃል ወይ አልከኝ። አልበላሁም አልኩህ። አቅርበህ አብረን በላን፣ ከድርሻህም ጨመርክልኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አሥራ አምስት ዓመት ይበቃል። ለሠርጉ ና። መጀመሪያ እትዬ ጋ ሂድና ሰላም በላቸው። በእኔ ፈንታ እሳቸው ላይ ያሳረፍከውን ቂም ደግሞ ለእኔ መልስልኝ። አሁን ልጅ አይደለሁም፣ እችለዋለሁ።

እጅህን ያበርታልህ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያድርስልህ፣ ቤትህን ከክፉ ይጠብቅልህ። መንገዱን ቀና አድርጎ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምህ