የሊቀመንበሩ ራዲያተርና የእርሳስ ጥይት ክብር

ለተከበሩ አቶ ኡርሆ ላይቲላ
የኮስኪ መንደር አዳኞች ማኅበር ሊቀመንበር
ሰሜን ሚሺጋን

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለጉልበትዎ፣ ለጨጓራዎና በቅርቡ ጉዳት ለደረሰበት መኪናዎ ፍጹም ጤንነት እመኛለሁ። እኔ አውኔ ሳሬላ፣ የማኅበርዎ አባልና ለቤተ ክርስቲያናችን የልጆች እራት የአጋዘን ሥጋ የምፈጭ ሴት፣ ምስጋናዬን በመንደራችን ጋዜጣ በአደባባይ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ የእርሳስ ጥይት ሥጋ ውስጥ ተፈረካክሶ ስለሚመርዘው ለእራቱ የሚያድኑ ሁሉ በመዳብ ጥይት እንዲተኩሱ ጠይቄ፣ የእንስሳት ሐኪማችን ያነሳውን የተፈጨ ሥጋ ራጅ ባሳየሁዎ ጊዜ፣ ነጫጮቹን ነጠብጣቦች በመስኮቱ ብርሃን መርምረው «አውኔ፣ ይኼማ ቁንዶ በርበሬ ነው!» ብለው ስለፈረዱ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ሊያስረዳ ቢነሳ «አንተ ላምህን አክም» ብለው ከድካም አሳርፈውታል።

ሁለተኛ፤ የመዳብ ጥይት አጋዘኑን በስቶ ካናዳ ይገባል ብለው ስለ ጎረቤት አገር ሰላም መጨነቅዎ አኩርቶናል። ይህን ያህል የሰጉ ሰው ሁለቱን ጥይቶች ተኩሰን ባወዳደርንበት የሙከራ ዕለት ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ደርድረው መኪናዎን ከጀርባቸው ለምን እንዳቆሙ ግን እስካሁን አልገባኝም። መዳቡ ጀሪካኖቹን ሁሉ አልፎ ራዲያተርዎ ውስጥ ሳይሰበር ተገኘ። የእርስዎ እርሳስ ሁለተኛው ጀሪካን ውስጥ ብትንትኑ ወጣ። እርስዎም «አያችሁ? ጨዋ ጥይት መቆሚያውን ያውቃል! ፍርፋሪው ማንንም አይጎዳም፣ ውሃውን እኔው እጠጣዋለሁ!» አሉ።

ባለቤትዎ ሄልሚ ከጀሪካኑ የተረፈውን በኩባያ ቀድታ «እንካ ኡርሆ፣ ጠጣ» አለችዎ።

ክቡር ሆይ፣ ኩባያውን ተቀብለው ውስጡን አዩና «ቁርስ ላይ ቡና አብዝቻለሁ» ብለው መለሱላት። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሌምፒ ቡና ስለማትጠጣ፣ እራቱ ላይ ሥጋው ሲቀርብላት እንዲህ ያለ ምክንያት አይኖራትም። ያን ዕለት ከልቤ ተናድጄ ወደ ቤቴ መግባቴን አልደብቅዎትም።

በማግስቱ «የመዳብ ጥይት ለተሽከርካሪ አደገኛ ስለሆነ ተከልክሏል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ውለታዎ ይህ ነው፤ አባላቱ ማስታወቂያውን አንብበው፣ ራዲያተሩን አይተው፣ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄዱ። እኔም ክብደቱ ቀለል ያለውን የመዳብ ጥይት እንዲመርጡና ጠመንጃቸውን በአዲሱ ጥይት ዒላማ ላይ እንደገና እንዲያስተካክሉ መከርኳቸው። ዘንድሮ ለእራቱ የመጣው ሥጋ በሙሉ በመዳብ ከተገደለ አጋዘን ነው።

ጥበብዎ ከእኛ፣ ጥይትዎም ከሥጋችን እንዲርቅ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሳ ታዛዥዎ፣

አውኔ ሳሬላ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ያን ትልቅ አጋዘን ጥለው «እርሳስ ማለት ይኼ ነው!» ብለው ሲፎክሩ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሄልሚ ከጥይት ሳጥንዎ ውስጥ እርሳሱን አውጥታ መዳብ የተካችው በዋዜማው ሰኞ ነው። ለማንም እንዳልናገር አደራ ብላኛለች፤ እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጋዜጣው ብቻ ጻፍኩ።