የእርቁን ጋዜጣ ከራስጌያቸው ላስቀመጡት ለብራምሊ ወደብ ፖስታ ቤት ሹም

ለክቡር ሚስተር ፊኒያስ ሎክዉድ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ የወደባችን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ሳወጣው፣ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ በተለይም የመንጋጋዎን ደህንነት፣ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ከቦስተን በስሜ የሚመጣልኝን ጋዜጣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ በፊት እያነበቡ፣ የሾርባ ጠብታ እያከሉበት ስለላኩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የዓለምን ወሬ ከነቅባቱ ማግኘት ለስንት የባሕር ኃይል መኮንን ይታደላል?

ሁለተኛ፤ ባለፈው የካቲት መንገዱን በረዶ ዘግቶት፣ አገራችን ከእንግሊዝ ጋር የመታረቋን ዜና ይዞ ወደብ የገባው ጋዜጣ የእኔ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ንባብ የሚጀምሩት ከኋላ፣ ከጨረታው ገጽ ስለሆነ፣ የፊቱን ሳያዩ ከራስጌዎ አኖሩት። መርከቤ በማግስቱ ለውጊያ ወጣች።

ሦስተኛ፤ በአራተኛው ቀን አንዲት የእንግሊዝ መርከብ አገኘን። መኮንኗ፣ “እንዳትተኩሱ! እርቅ ወርዷል!” እያለ ጮኸ። የመድፍ አለቃዬ ኤሞስ ተሊ፣ “ጌታዬ፣ እንግሊዝ እርቅ ትዝ የሚለው ባሩድ ሲያልቅበት ነው” አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ “ተኩስ!” አልኩ። አርባ ደቂቃ ተጨፋጨፍን። ኤሞስ የእንጨት ስንጣሪ ጉሮሮውን በስቶት፣ አንድ ነገር ሊለኝ እየታገለ እግሬ ሥር ሞተ። ከእኛ አስራ አንድ፣ ከእነሱ አስራ ዘጠኝ ወደቁ። የተረፉት ሰዎቼ ደሙ እንዳያንሸራትታቸው አሸዋ በተኑበት።

እጅ የሰጠውን የእንግሊዝ መኮንን ሰይፍ ልቀበል ወደ መርከቡ ስሻገር፣ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች አልነበረም። በግራው ከዓሣ አጥማጅ ያገኘውን ጋዜጣ ዘረጋልኝ። “የአገራችሁ ጋዜጣ ነው፤ ለእናንተ አይደርስም እንዴ?” አለኝ። ጋዜጣውን ከእጁ ስቀበል ሞተ።

አራተኛ፤ ተመልሼ ጋዜጣዬን ብጠይቅዎ፣ “ምን ያስቸኩልዎታል? ገና አልጨረስኩትም” አሉኝ። ሁለት ጥርስዎን ስላወለቅሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሦስተኛው ስለተረፈልዎ፣ እኔን ጨምድደው የያዙኝን ሰዎች ያመስግኑ። ዳኛው ለጥርስዎ አስር ቀን አሰሩኝ። ለሠላሳው ሰው ግን እርስዎንም የጠየቀዎ የለም፣ “ተኩስ” ያልኩትን እኔንም የጠየቀኝ የለም። እንዲያውም አለቆቼ ሊሸልሙኝ አስበዋል።

ከዛሬ ጀምሮ ጋዜጣው በስምዎ እንዲመጣ ለአዘጋጆቹ ጽፌያለሁ።

በመንገድ ባገኘሁዎ ቁጥር እጄን ከባርኔጣዬ በላይ ላለማንሳት የምታገል፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ሌተናንት ኦባዳያ ክሬን

ማስታወሻ፦ የኤሞስ ሚስት ማንበብ አትችልም። ባሏ በሰላም ጊዜ በጦርነት እንዴት እንደሞተ ብትጠይቀኝ፣ ጋዜጣውን አንብበው የሚያስረዷት እርስዎ እንደሆኑ ነገርኳት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤትዎ ትመጣለች፤ ሌሎቹንም መበለቶች አስከትላ።