ዝቅ ያለው ትከሻ

ውድ ልጄ፣

ምራቴ እንዳልልሽ የሰው ሚስት ነሽ። ባዳ እንዳልልሽ ደግሞ ልጄን አብረን ነው የቀበርነው፤ እኔ እየጮኽኩ፣ አንቺ ከባልሽ ኋላ ቆመሽ ከንፈርሽን እየነከስሽ። ይህን ለመጻፍ ስነሣ ስቀመጥ ነው የዋልኩት።

ያ ትኩሳት ልጄን ከነጠቀኝ በኋላ ሣጥኑን ስከፍት አንድ ሰማያዊ ቀሚስ አገኘሁ። ለጊዜው በነጭ ክር ተያይዟል እንጂ ገና ስፌት መኪና አልነካውም። ጎረቤቶቼ ለእናቱ ደብቆ ሲሰፋ ነበር ብለው አለቀሱ። እኔም አመንኩ፤ መጥበቡን እንኳ ልብ አላልኩም። መስኮቱ ላይ ሰቅዬ ሳየው ግን ግራ ትከሻው ከቀኙ በጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ስሕተት መሰለኝ። ኋላ ለቅሶ ደርሰሽ ስትወጪ ከጀርባሽ አየሁሽ። ግራ ትከሻሽ ያዘነብላል። ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው። ልጄ ግን በባልሽ ልብስ ስፌት ቤት ተቀምጦ፣ ከሥራው ቀና ባለ ቁጥር በዓይኑ ሲለካሽ ኖሯል።

ተናደድኩብሽ። በእሱም ተናደድኩ። ከሴት ሁሉ የጌታውን ሚስት? በጎረሰበት ቤት? እስከምን እንደደረሳችሁ አልጠይቅሽም፤ መልሱን ብሰማ የት አስቀምጠዋለሁ?

ከዚያ ባልሽ የሱቁን ጨርቅና መቀስ ነገ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎ ላከብኝ። ሰውን ቆሞ አይቶ ልኩን የሚናገር ሰፊ ነው፤ ያን ትከሻ ቢያይ ያውቅሻል። እንዳልደብቀው ጨርቁ የራሱ ነው። ትከሻውን ተረተርኩና ከቀኙ እኩል አድርጌ ሰፋሁት።

መጣ። ቀሚሱን ዘርግቶ አገላበጠው።

"ለማን ነው?" አለኝ።

"ለእኔ።"

ወገቤን አየ፣ ቀሚሱን አየ። "እማማ፣ እዚህ ውስጥ በግማሽዎም አይገቡም" አለና ሊስቅ ሲል ተወው። "የሞተ አይወቀስም እንጂ፣ ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬው የእናቱን ልክ ይስታል?"

"እጁ ገና ነበር፣ ልጄ" አልኩት።

ገና አልነበረም። ከእጁ የወጣ ልብስ ጠበበኝ ሰፋኝ ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። ያን ቃል ስናገር ዳግመኛ የቀበርኩት መሰለኝ። የዋሸሁት ለአንቺ ብዬ ይሁን ለልጄ አላውቅም። ባልሽም ጨርቁን ማስታወሻ ይሁንዎ ብሎ ተወልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እረፍት የሚነሣኝ አንዱ ይኸው ነው።

ትከሻውን እንደገና ተርትሬ ልጄ ወዳደረገበት መልሼዋለሁ። ቤትሽ ወስደሽ እንደማትለብሺው አውቃለሁ። ልትጠይቂኝ ስትመጪ ይህን ወረቀት በእጅሽ አስይዝሻለሁ፤ ባፌ አልችለውም። አንብበሽ እሳቱ ውስጥ ክተቺው፤ እኔ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ ቀሚሱን ልበሺና ልክሽ መሆኑን ልይ። እስኪወጣልሽም አልቅሺ፤ ዓይንሽ ለምን ቀላ ብሎ የሚጠይቅሽ ቢኖር፣ አሮጊቷ አስለቀሰችኝ በይ።

የእሱ እናት