የፍሪጁ ላስቲክ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚነዝርሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ባየሽ ቁጥር ታማርሪያለሽ? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ? እኔ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር።

«ወንድሜ የምግብ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኗል፣ ፊት አይቶ አያዳላም ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ኧረ ተይ እታለም! አዳልቻለሁ።

ባለፈው ወር ትልቁ ሆቴል ኩሽና ገባሁ። አለቃዬ እንደምመጣ ከዋዜማው ደውሎ ነግሯቸዋል፤ እኛ ዘንድ ለትልልቆቹ እንዲህ ነው የሚሠራው። ወለሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱ «ጌታዬ» እያለ ወንበር ይስብልኛል። የፍሪጁ በር ላስቲክ ግን ተቀዶ ሥጋው ለብ ብሏል። ቅጹ ላይ «ቢስተካከል መልካም ነው» ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

በማግስቱ የአንዲት ባለሾርባ ጠባብ ቤት ሳላስታውቅ፣ ያውም ሰው ተሰልፎ ምሳ በሚጠብቅበት ሰዓት ዘው አልኩ። ብቻዋን ነው የምትሠራው። በዚያ ሰዓት የማን ኩሽና ንጹሕ ይሆናል? በሰው ምግብ ቤት ምድጃ ተለብልበሽ ያሳደግሽኝ ልጅ ይሄ ይጠፋኛል? ፍሪጇን ብከፍት ያው የተቀደደ ላስቲክ። «ይታሸግ» ብዬ ጻፍኩና በሯ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። እሷ እቴ፣ «ለደንበኞቼ ጤና ብለው ነው» ብላ አመሰገነችኝ። አንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት እኔ ነኝ።

ትናንት ሆቴሉን ደግሜ ላይ ሄድኩ። በጓሮ በር ስገባ ባለሾርባዋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥባለች፤ ቤቷ ሲታሸግ እዚያ ተቀጥራለች። አላየችኝም። ሼፉን ቀስ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ይሄን ላስቲክ ቶሎ ቀይሩት። ተቆጣጣሪው ካዩት ይዘጉባችኋል፤ እሳቸው ለማንም አያዳሉም» ስትለው ሰማሁ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰላም እንኳ ሳልላት እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ቅጾች አያይዤ፣ ጥፋቴን ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። «አብደሃል እንዴ?» አለኝ። ሊያባርረኝ ይችላል፤ እሱስ ይሁን።

ትልቋን ልጅሽን፣ መንትዮቹን፣ ሳላሙን ባልሽንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ነገ ማለዳ ወደ ሳህን ማጠቢያው እሄዳለሁ። «ላስቲኩን ከእርስዎ ቤት በፊት እዚህ ተቀዶ አይቼው ነበር» ልላት ነው። እስካሁን ብቻዬን ሆኜ እንኳ ጮክ ብዬ ማለት አቅቶኛል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሦስተኛ ፎቅ ኪራይ ክፍሌ፣ ረቡዕ፣ የካቲት ፲፩ ቀን