ራሳቸውን ላወቁት የእድራችን ሊቀመንበር

ይድረስ ለክቡር ኢንጂነር መኳንንት፤ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ የተማሪ ወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የኮብልስቶን ኮሚቴ ሰብሳቢ እና ገና ያልሰማናቸው ኮሚቴዎች ሁሉ ሰብሳቢ
ቤቴል

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም የሦስቱ ስልኮችዎ ባትሪ እንደምን ሰንብቷል? እኔ አየር ጤና የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራው የእድሩ አባል መህዲ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ሰው ሁሉ ካነበበው አንዱ ይነግርዎታል ብዬ ይህን በግልጽ ጻፍኩ።

ሥራ ለበዛባቸው መሪዎች የተዘጋጀውን የሦስት ቀን «ራስን የማወቅ» ሥልጠና ወስደው ከተመለሱ ወዲህ እድራችን ዕድገት በዕድገት ሆኗል፤ እናመሰግናለን። ሆኖም ገና ያላደግን አባላት ጥቂት ነገሮች አልገቡንም።

፩ኛ. ስብሰባችን አሁን የሚጀመረው ዓይን ጨፍኖ ለአምስት ደቂቃ ወደ ውስጥ በመመልከት ነው። መልካም ነው፤ ባለፈው ወር አቶ ገሜዳ ወደ ውስጥ እየተመለከቱ አንኮራፍተዋል። ያልገባን፣ እኛ ጨፍነን እርስዎ ስለ ሲሚንቶ በስልክ የሚነጋገሩበት ምክንያት ነው። ምናልባት የእርስዎ ውስጥ ቀድሞ ታይቶ አልቆ ይሆናል።

፪ኛ. ራስዎን በሌሎች ዓይን ለማየት ብለው ለአርባ ሦስታችንም ወረቀት አደሉን። ስም እንዳንጽፍ፣ እውነቱን ብቻ እንድንናገር፣ ማንም እንደማይጠየቅ አስረዱን፤ እኛም አምነን ጻፍን። ከዚያም ጸሐፊውን አቶ ሞቲን የዕቃ መዝገቡን አስመጥተው፣ ድስትና ትሪ ሲወጣ ሲገባ ከተመዘገበበት የእጅ ጽሕፈት ጋር አንዱን ወረቀት ሲያመሳክሩ ዋሉ። የእድሩ ቢሮ መጋረጃ ስለሌለው ሁላችንም አይተናል። ራስን ለማወቅ መጀመሪያ የሰው ጽሕፈት ማወቅ እንደሚያስፈልግ እርስዎ ባያሳዩን ኖሮ ከየት እንሰማ ነበር?

፫ኛ. ያ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሊቀመንበራችን ለቅሶ ቤት መጥተው ድንኳኑ በር ላይ ስልክ ያወራሉ። በአቶ በየነ ለቅሶ ጊዜ የሟቹን ወንድም አልፈው ወንበር ጭኖ የመጣውን ሹፌር አጽናንተው ሄዱ።» ባለፈው እሑድ ታዲያ፣ የእድሩን ዕቃ አሥራ ሰባት ዓመት በገዛ እጃቸው እየመዘገቡ አንዲት ማንኪያ ሳያጎድሉ የጠበቁትን ወይዘሮ ዘሀራን በጉባኤ ፊት አስነስተው፣ «ለግል ዕድገታቸው ሲባል» የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እንዲያስረክቡ አደረጉ። እሳቸውም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው አልወጡም። «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብለው የተረቱት አባቶቻችን የእርስዎን ሰርተፍኬት ሳያዩ ስለሞቱ ይቅር ይበሏቸው።

ክቡርነትዎ፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ እጄን ይዘው ያጻፉኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው፤ ጽሕፈታችን ቢመሳሰል አይገርምም። የሚገርመው ቁልፉን ሲያስረክቡ እኔ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀምጬ ዝም ማለቴ ነው። ፈራሁ፤ አሁን ደግሞ በራቸው ላይ ሳልፍ አፍራለሁ። ራስን ማወቅ ማለት ይህ ከሆነ፣ እኔም ያለ ሥልጠና ትንሽ ሳላውቅ አልቀረሁም።

ስለዚህ ማደግ የሚገባው ሰው እኔ ስለሆንኩ፣ በመጪው እሑድ ቁልፉን በዚያው ጉባኤ ፊት፣ በገዛ እጅዎ ለወይዘሮ ዘሀራ እንዲመልሱላቸው በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የእኔን ቅጣት እዚያው ቆሜ እቀበላለሁ።

ከሁለት ስብሰባ መካከል ቀንሰው ይህን ለማንበብ ስለሚሰጡን ደቂቃ አስቀድሜ እጅ እየነሳሁ፣ ከአርባ ሦስቱ አንዱ፣ በዕድገት ወደ ኋላ የቀረው ታዛዥ አባልዎ

መህዲ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያን ዕለት ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳቀብልዎ ወይዘሮ ዘሀራ ራሳቸው የጻፉትን አይቼዋለሁ። «ልጃችን መኳንንት ከስቷል። እህል በሰዓቱ የሚበላ አይመስለኝም፤ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ደህና መሆኑን ይጠይቀው» ይላል። ስድብ ስላልነበረበት ሳያነቡት አልፈውት ይሆናል።