መቃኑን ያቆዩልኝ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሞላልኝ፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ክረምቱ አልጠናበትም? ዳገቱን አሁንም በምርኩዝ ነው የሚወጡት ወይስ ሰው ይደግፍዎታል? የእትዬ ጽጌሬዳ ዓይንስ ተሻላቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ ስንነጋገር አፌ ስለሚቀድመኝ ነው መጻፌ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ እዚህ ካልጋሪ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከልጅ ልጄ ከውዳሴ ጎን ተቀምጬ ነውና ጽሕፈቴ ቢወላገድ አይሳቁብኝ።

ባለፈው ደውለው፣ «ከልጄ ከአርያም ዘንድ ደብረ ብርሃን ልገባ ነው፤ የአባታችንን ቤት ቦታ የሚፈልግ ሰው መጥቷል፤ መስከረም ሲጠባ አፍርሶ ሌላ ይሠራበታል፤ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እኔም «ይፍረስ! ያ ቤት ለእኔ ምን አደረገልኝ?» ብዬ ዘጋሁብዎት። ምን ላድርግ፣ ከዚያ ቤት እርስዎ ደብተር ይዘው ሲወጡ እኔ ገመድ ይዤ እንጨት ለቀማ ወደ ጫካ ነበር የምወጣው። ቢቀየሙኝም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ልጄ ኪራኮስ ከሺፍቱ እረፍት አገኘና ሚስቱን ሮሚን፣ ውዳሴንና እኔን ጭኖ ወደ ተራሮቹ ወሰደን። ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባቸው የነበሩ መንደሮች ናቸው። ከሰሉ ቀርቶ አብዛኛው ሰው ሄዷል፤ የእንጨት ቤቶቹ ግን ቀለም ተቀብተው ቆመዋል። በየደጃፉ ማን ይኖርበት እንደነበር የሚናገር ሰሌዳ አለ። በአንዱ ቤት ለሠራተኞቹ ዳቦ የምትጋግር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር እንደነበር ውዳሴ አነበበችልኝ። ሰዉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀስ እያለ፣ የዚያችን ሴት ምድጃ ያያል። ለእናታችንስ ማን ሰሌዳ ይሰቅልላታል አልኩ በልቤ።

በመንደሩ ጫፍ፣ ጣሪያው ላይ መስቀል ያለበት ነጭ ቤት አየሁ። የማንም ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አማተብኩና መቃኑን ተሳለምኩ። ቀና ስል ውስጥ የተቀመጡት ፈረንጆች ማንኪያቸውን እንደያዙ ያዩኛል። ውዳሴ ክንዴን ይዛ፣ «እማማ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ አይስክሬም ቤት እኮ ነው!» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያንነቱ ከቀረ ቆይቷል። ኪራኮስ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መኪናው ሸሸ። ሮሚም፣ «እንግዲህ አንዴ ተሳልመዋል፣ የቫኒላውን ጠበል ይቅመሱ» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ግንባሬ የነካው እንጨት ግን ከሰው እጅ ብዛት የለሰለሰ ነበር፤ ልክ እንደ እኛ በር።

ከሰዓት በኋላ ጫካ ገባን። ባዶ እጁን ጫካ ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ያየሁት እዚህ አገር ነው። የእኔ እጅ ግን አላርፍ ብሎ ጭራሮ ሲለቅም ሮሚ፣ «ኧረ ክልክል ነው፣ ያስቀጡናል!» ብላ አስጣለችኝ። እንዲሁ ወጣሁ። ከዛፎቹ ስወጣ ሳላስበው ዓይኔ በር ፈለገ። ያኔ ነው እናታችን ትዝ ያለችኝ። አባታችን ጥዱን በትከሻው አምጥቶ የጠረበውን መቃን ተደግፋ፣ ከነሸክሜ እስክመለስ ትጠብቀኝ ነበር። ጉም ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ እዚያው ነበረች። ያ ቤት ምን አደረገልኝ ያልኩት ይህን ረስቼ ነው። ምነው ምላሴን በያዘልኝ!

ለሰውየው የሰጡትን ቃል ይጠፉ አልልም። በዚያ ጉልበት ዳገት ላይ ይቅሩም አልልም። ነገር ግን መቃኑን መጥረቢያ እንዳያስነኩብኝ። ከነጉበኑ፣ ከነደፉ አስነቅለው አርያም ግቢ ያቁሙልኝ። ቤት የሌለው በር ምን ይሠራል ብሎ ጎረቤት ይሳቅ፤ እዚህም ተስቆብኛል። ደብዳቤዬን የሚያመጣልዎ ወልዴ የሚባል የዚህ የካልጋሪ ሰፈራችን ሰው ነው፤ ቤቱ ሳይፈርስ እንዲደርስ አደራ ብዬዋለሁ።

የእትዬ ጽጌሬዳን ዓይን ይሳሙልኝ። አርያምን፣ ግቢሽን ላጣብብብሽ ነው፣ አትቆጪ ይበሉልኝ። ኪራኮስና ሮሚ ጉልበትዎን ይስማሉ፤ ውዳሴም በተሰባበረ አማርኛዋ እንዴት ነዎት ትላለች።

ለጥምቀት እመጣለሁ። መቆም ቢያቅትዎ መቃኑን ተደግፈው ይጠብቁኝ።

እህትዎ በለጥሻቸው
ካስልሪጅ፣ ካልጋሪ
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.