በቀኝ ጠርዟ የሳሳችው ማንኪያ

ሸፊልድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1983

ውድ ልጄ ሂልዳ፣

ደህና መሆናችሁን ከደብዳቤሽ አይቼ ደስ ብሎኛል። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ስለሚነግረኝ አላማርረውም።

«አባዬ፣ የእማዬን ብር ለበስ ማንኪያዎች ለልጄ ለፊሊፓ ሠርግ እንደ አዲስ አስለብጠህ ላክልኝ» ብለሽ ነበር። አርባ ዓመት ብር ስለብጥ ወደኖርኩበት ወርክሾፕ ይዣቸው ሄድኩ። አሁን እዚያ የሚለብጠው ክሊፍ ነው። ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱን ሁሉ በኔ ያላክካል። ማንኪያዎቹን ደርድሮ ሲያይ አንዷን አነሳ።

«ዊልፍ፣ ይቺ ምን ሆና ነው? አስራ አንዱ የሳሱት በግራ ጠርዛቸው ነው፤ እሷ ግን በቀኟ። ብሩ አልቆ ከሥሩ ያለው ቢጫ ብረት ብቅ ብሏል።»

«ሚስቴ ኢኒድ ግራኝ ነበረች።»

«እሱ ቀላል ነው! አሮጌውን ብር ገፍፌ፣ ጠርዟን አስተካክዬ፣ ከእህቶቿ እንዳትለያት አደርጋታለሁ።»

«አምጣት ወዲህ።»

«አንተ ሽማግሌ! ለሙሽራ አስራ አንድ ማንኪያ ይሰጣል?»

«አንዷ ጠፍታለች።»

«እጅህ ላይ ናት እኮ!»

ኪሴ ከተትኳት። የጠፋ ዕቃ የት እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እናትሽ ካረፈች ወዲህ፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ሾርባዬን የምጠጣው በእሷ ማንኪያ ነው። ለቀኝ እጅ አትመችም፤ ሸሚዞቼ ምስክር ናቸው። እናም «አንዷ ጠፍታለች» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ግሩም ደብዳቤ ነበር። ፖስታ ቤት ሳልሄድ ግን የፊሊፓ ፎቶግራፍ ደረሰኝ፤ የልደት ኬኳን ስትቆርስ፣ ቢላው በግራ እጇ። እኔ የማውቃት በፎቶ ነው፤ እስከ ዛሬ በላክሽልኝ ፎቶ ሁሉ እጆቿ ኪሷ ውስጥ ነበሩ! ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ስለዚህ አስራ ሁለቱንም ልኬያለሁ። አያያዛቸውን ለልጅቷ ንገሪያት። በላስቲክ አትሰራቸው፤ ላስቲክ ብርን ያጠቁራል። በጋዜጣም አትጠቅልላቸው። እኔ በፍላኔል ጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ (የፒጃማዬ እግር ነው፤ ታጥቧል)። እንቁላል ወይም ጨው ከነካቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ታጥባ ታድርቃቸው። ውልወላም ልክ አለው፤ በተወለወለ ቁጥር ከብሩ ትንሽ ይሄዳል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ክሩክስ ሰው እንዳያማት ስትወለውል ስትወለውል ቢጫው ጋ ደርሳለች፤ አሁን በቢጫው ትታማለች። ከሁሉ የሚሻለው በየቀኑ መብላት ነው። ለእንግዳ ተብሎ የተቆለፈበት ብር እንግዳው ሳይመጣ ይጠቁራል።

ለብቻዋ የተጠቀለለችው የፊሊፓ ናት። አላስለበጥኳትም፤ እናንተም እንዳታስለብጡብኝ። ጠርዟ የሳሳው የሴት አያቷ አፍ በነካው በኩል ነው። እኔ ሁለት ዓመት ታግዬ በትክክል ልይዛት አልቻልኩም፤ እሷ ግን ሳይነግሯት ትይዛታለች።

እጃችሁ ከገበታ፣ ገበታችሁም ከሰው አይጉደል። ሙሽሮቹን ሳሚልኝ።

እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ በተራ የብረት ማንኪያ ነው የምጠጣው። ደህና ናት፤ ምንም አትልም። ሸሚዜም ንጹሕ ሆኗል።

አባትሽ
ዊልፍሬድ ስታኒፎርዝ